የረሳችሁት የትኛውን ነው? ስለ ረጅም ጊዜ ትውስታ የተደረገ ንግግር

አመሰግናለሁ። በቀጥታ ልግባ።

«እኔ የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «የትኛው?» ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። ሰዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምሬን ነው። ይህን የሚለኝ ሰው እኮ እያወራኝ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ከነትርጉማቸው፣ ከነሰዋስዋቸው ይዟል፣ ያለ ምንም ጭንቀት እየመረጠ ይደረድራቸዋል። በእግሩ ነው የመጣው፤ መራመድ ደግሞ ተምሮት ነው። ፊቴን ለይቶ ነው የጠራኝ። የጫማውን ክር ጠዋት ያሰረው ምንም ሳያስብ ነው። ይኼ ሁሉ ያለ እንከን እየሠራለት፣ የሆነ ሰው ስም ስለጠፋበት ወይም ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ስለረሳ ብቻ ሁሉንም ጠቅልሎ «ደካማ» ይለዋል።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር ይኼው ነው። ትውስታ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር አንድ አይደለም። የየራሳቸው ቦታና የአሠራር ሕግ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቀራል። ከእነዚህ ውስጥ «አዎ፣ ትዝ አለኝ» የሚለውን ስሜት ይዞልን የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው። እኛም እሱን ብቻ ትውስታ እንለውና ሌሎቹን እንረሳቸዋለን።

አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። «የረጅም ጊዜ ትውስታ» ሲባል ብዙ ሰው የዓመታት ጉዳይ ይመስለዋል፤ የልጅነት፣ የትምህርት ቤት ወሬ። በዘርፉ ያሉ ሰዎች እንደዚያ አይሉትም። ስልክ ቁጥር ነግሬያችሁ እስክትጽፉት ድረስ በአፋችሁ እየደጋገማችሁ ከያዛችሁት፣ ያ የአጭር ጊዜ ነው። ሐሳባችሁ ወደ ሌላ ነገር ዞር ሲል በኖ ይጠፋል። ከዚያ አልፎ የቆየ ነገር ሁሉ፣ የዛሬ አምስት ደቂቃም ይሁን የዛሬ አምሳ ዓመት፣ የረጅም ጊዜ ውስጥ ይገባል። የማወራው ስለዚህኛው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከሄንሪ ሞላይሰን መጀመር ግዴታ ነው። ታሪኩን የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ ታገሡኝ፣ እሱን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። ሄንሪ በ1926 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እያደገ ሲሄድ ባሰበት፣ መድኃኒትም አልይዝለት አለ፣ ሥራ መሥራት አቃተው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ አንጎሉን ከፍቶ፣ ከግራም ከቀኝም፣ ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘውን ክፍል ቆርጦ አወጣለት። ከወጣው ውስጥ የሂፖካምፐስ አብዛኛው ክፍል ይገኝበታል። በዚያን ጊዜ ይህ ክፍል ምን እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያስቡት ይዘገንናል።

የሚጥለው ነገር በጣም ቀነሰለት። በዚያ በኩል ቀዶ ሕክምናው ሠርቷል። ነገር ግን ሄንሪ ከዚያ ቀን በኋላ የሚደርስበትን ነገር መያዝ አቆመ። ከአንድ ሰው ጋር ሲጨዋወት ይቆያል፣ ሰውየው ከክፍሉ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ያነበበውን መጽሔት ነገ እንደ አዲስ ያነበዋል። ለብዙ ዓመታት ያጠኑትን ተመራማሪዎች በየጊዜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያቸው ሰው ነበር የሚቀበላቸው። እንዲህ ሆኖ 55 ዓመት ኖረ፤ የሞተው በ2008 ነው።

ልብ በሉ፣ ሄንሪ አልጃጀም። በአእምሮ ብቃት ፈተና ከአማካዩ በላይ ያመጣ ነበር። ይቀልዳል፣ ጨዋ ነው፣ መስቀለኛ ቃላት መሙላት ይወዳል። ቁጥር ከነገሩት እየደጋገመ ለደቂቃዎች ይይዘዋል፤ የአጭር ጊዜው አልተነካም ማለት ነው። ልጅነቱንም ያውቃል። የጠፋው ከአሁን ወደ ነገ የሚያሻግረው መንገድ ነው። ይኼ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። ከእሱ በፊት ካርል ላሽሊ የተባለ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት የአይጦችን አንጎል እየቆራረጠ ትውስታ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጎ ፈልጎ፣ አንድ ቦታ ላይ ላገኘው አልቻልኩም ብሎ በ1950 ጽፎ ነበር። ብዙዎችም አምነውት ነበር።

ለኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄንሪን ለማጥናት ከሞንትሪያል እየተመላለሰች ስትመጣ አንድ ሥራ ሰጠችው። ወረቀት ላይ ባለ ሁለት መስመር ኮከብ ተሥሏል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ሳትወጣ በእርሳስ ዙሪያውን ዙር ነው ጨዋታው። ችግሩ ወረቀቱንም እጁንም በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው በመስታወት ውስጥ ነው። ሞክሩት፣ ቤት ስትገቡ። እጃችሁ ወደ ቀኝ ሂድ ስትሉት ወዲያ ይላል፣ ማእዘን ላይ ስትደርሱ ጭራሽ ይደናቆራል። በልምምድ ግን እየተሻሻለ ይሄዳል፣ ማንም ሰው ላይ እንደዚያ ነው።

ሄንሪም ተሻሻለ። ለሦስት ቀን እየደጋገመ ሠራው፤ ስህተቱ ከሙከራ ወደ ሙከራ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ቀን የጀመረውም የመጀመሪያው ቀን ካቆመበት አካባቢ ነው። የተማረው አልጠፋም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቀን ኮከቡን ሲያሳዩት ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነበር የሚናገረው። በመጨረሻው ቀን በደንብ ሲሠራው ራሱም ገረመው፤ ከባድ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። እጁ ያውቃል። እሱ አያውቅም። ታዲያ «ሄንሪ ያስታውሳል ወይስ አያስታውስም?» ብዬ ብጠይቃችሁ ምን ትሉኛላችሁ? ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ስለሚጠይቅ። በኋላ ላይ ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቹ ይህን መስመር በደንብ አስምረው፣ አንዱን ወገን በቃል ልንገልጸው የምንችለው፣ ሌላውን በሥራ ብቻ የሚገለጥ አድርገው ከፋፈሉት። አሁን በየመማሪያ መጽሐፉ የምታገኙት ክፍፍል ይኼ ነው።

በቃል የሚገለጸው ወገን ደግሞ ራሱ ሁለት ነው። ይህን በ1972 ለይቶ ያስቀመጠው ኤንደል ታልቪንግ ነው፤ በትውልድ ኤስቶኒያዊ፣ ሕይወቱን ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ያሳለፈ ሰው። አንደኛው የዕውቀት ትውስታ ነው፦ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ፣ ዝሆን ምን እንደሚመስል፣ «ወንበር» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ። እነዚህን ታውቃላችሁ፣ መቼና የት እንደተማራችኋቸው ግን አታስታውሱም፤ ማስታወስም አያስፈልጋችሁም። ሁለተኛው የገጠመኝ ትውስታ ነው፦ እዚያ ቦታ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆነ፣ እንዲህ ተሰማኝ የምንለው። ታልቪንግ ይህን ሁለተኛውን በሐሳብ ወደ ኋላ መጓዝ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ይህ ክፍፍል መጀመሪያ ላይ የወረቀት ሐሳብ ነበር። በሰው ላይ ያሳየው ኬ.ሲ. ተብሎ የሚጠራ ካናዳዊ ነው። በ1981፣ በ30 ዓመቱ፣ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። ሄንሪ ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለነበረው ሕይወቱ የሚያወራው ነገር ነበረው። ኬ.ሲ. ግን በሕይወቱ ውስጥ የደረሰበትን አንድም ገጠመኝ፣ አንድም፣ ከውስጥ ሆኖ መልሶ ማየት አልቻለም። ቼዝ መጫወት ይችላል። በድሮ ሥራው የተማረውን ዕውቀት ይናገራል። የቤተሰቡ ቤት የት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደነበረው ያውቃል። ወንድሙ መሞቱን ያውቃል፤ ዜናውን ሲሰማ የት እንደነበር፣ ምን እንደሆነ ግን የለም። የራሱን ሕይወት የሚያውቀው እናንተና እኔ የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ አንብበን በምናውቀው መጠን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። «ነገ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ሲጠይቁት አእምሮው ባዶ ይሆንበት ነበር። ነገ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ሰዓት ያውቃል፣ ቀን መቁጠር ይችላል። ራሱን ነገ ውስጥ አስገብቶ ማየት ግን አልቻለም። በኋላ፣ በ2007፣ ዴሚስ ሃሳቢስ የተካተተበት የለንደን ቡድን ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ሰዎችን «አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድማችሁ እንዳላችሁ አስባችሁ ንገሩን» ሲላቸው፣ የሚሰጡት መግለጫ የተበጣጠሰና የደረቀ ሆኖ ተገኘ። (አዎ፣ ያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራው የምታውቁት ሃሳቢስ ነው።) ያለፈውን መልሶ የሚገነባውና ያልመጣውን የሚያስበው ክፍል የጋራ ነገር አላቸው ማለት ነው። ስለዚህ የገጠመኝ ትውስታ ሥራው ያለፈውን መጠበቅ ብቻ ነው ማለት አይመስለኝም። እንዲያውም ለነገ ሲባል የተሠራ ነገር ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ።

«እሺ፣ ዕውቀት እኮ ከገጠመኝ ነው የሚመጣው፤ ገጠመኝ የማይዝ ሰው እንዴት አዲስ ነገር ያውቃል?» ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው። በ1997 ፋራኔህ ቫርጋ-ካዴምና ባልደረቦቿ ስለ ሦስት ወጣቶች ጻፉ። አንዱ ሲወለድ፣ ሌሎቹ በልጅነታቸው ሂፖካምፐሳቸው ተጎድቷል። ዛሬ ምን እንደዋሉ መናገር አይችሉም፣ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ አያውቁም፣ የታወቀ መንገድ ይጠፋቸዋል። ግን እንደማንኛውም ልጅ መደበኛ ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ ይናገራሉ፣ ያነባሉ፣ ስለ ዓለም ያላቸው ዕውቀት ከእኩዮቻቸው ብዙ የራቀ አይደለም። ቀናቸውን ሳይዙ ትምህርታቸውን ያዙ።

ተቃራኒውም አለ። ኤሊዛቤት ዋሪንግተን በ1975 የገለጸችው ዓይነት ሕመም ላይ የሚጠፋው ዕውቀቱ ነው። በሽተኛው ትናንት ማን እንደጠየቀው፣ የት እንደሄደ በሚያስገርም ሁኔታ ይነግራችኋል፤ የነገሮች ትርጉም ግን ከላይ ወደ ታች እየተሸረሸረ ይሄዳል። የሜዳ አህያ ሥዕል ስታሳዩት መጀመሪያ «ፈረስ» ይላል፣ ከጊዜ በኋላ «እንስሳ»፣ ከዚያም ስም ያጣለታል። ዝርዝሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥቅሉ ይቆያል። የሚጎዳውም ሌላ የአንጎል ክፍል ነው፤ የጆሮ ግንዱ ክፍል የፊተኛው ጫፍ።

በሥራ ብቻ ወደሚገለጠው ወገን ልምጣ። ይኼ አንድ ዓይነት ሳይሆን የብዙ ነገሮች ስብስብ ነው፤ የሚያመሳስላቸው ሳናውቃቸው መሥራታቸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሄንሪ ኮከብ የክህሎት ትውስታ ነው። ብስክሌት፣ ዋና፣ ኪቦርድ ላይ መጻፍ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኪቦርድ ሳያዩ የሚጽፉ ሰዎችን «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉትን ፊደላት በቅደም ተከተል ንገሩኝ» በሏቸው። ጣታቸውን አየር ላይ ካላንቀሳቀሱ ይቸገራሉ።

ከሰው ታሪክ ክላይቭ ዌሪንግን ልጥቀስ። እንግሊዛዊ ሙዚቀኛና የመዘምራን መሪ ነበር። በ1985 ቫይረስ አንጎሉን አቃጠለበትና ከሄንሪም የባሰ ሆነ። በየጥቂት ሰከንዱ ገና አሁን የነቃ ይመስለው ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «አሁን ገና ነቃሁ» እያለ ይጽፋል፣ ተመልሶ ሲያየው አያምነውም፣ ይሰርዘውና እንደገና ይጽፋል። ፒያኖ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ይጫወታል። መዘምራንም ይመራል። ሙዚቃው እስካለ ድረስ ከአንዱ ኖታ ወደ ቀጣዩ የሚወስደው ነገር አልጠፋበትም።

ይህ የክህሎትና የልማድ ወገን ሂፖካምፐስን አይጠይቅም። በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ባለው ቤዛል ጋንግሊያ በሚባለው ክፍልና ከኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ላይ ይደገፋል። በ1996 የተሠራ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። ተሳታፊዎቹ ካርዶች እያዩ «ነገ ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ?» ብለው ይገምታሉ። ግንኙነቱ የዕድል ጉዳይ ስለሆነ በሐሳብ ሊደረስበት አይችልም፤ በድግግሞሽ ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው። የመርሳት ችግር ያለባቸው በሽተኞች እንደ ጤነኛ ሰው ተማሩት፤ ስለ ፈተናው ዝርዝር ሲጠየቁ ግን ብዙም አያውቁም። የፓርኪንሰን በሽተኞች፣ ማለትም ቤዛል ጋንግሊያቸው የተጎዳው፣ ስለ ፈተናው ሁሉንም በደንብ ያስታውሳሉ፤ ግምቱን ግን ሊለምዱት አልቻሉም። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ማስረጃ መመኘት ይከብዳል።

ከዚያ ፍርሃት አለ። በ1911 ኤድዋር ክላፓሬድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም አንዲት የምታክማት፣ ከአንድ ደቂቃ ወደ ሌላው የማትይዝ ሴት ነበረችው። አንድ ቀን ጣቶቹ መሃል መርፌ ደብቆ ጨበጣትና ወጋት። ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ወዮለት። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይታ መርፌውን ረሳችው። ሐኪሙ ሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። ለምን ሲላት፣ ሰው እጁ ውስጥ መርፌ ይደብቅ ይሆናል የሚል ዓይነት መልስ ሰጠች። ይህን ከየት አመጣሽው ሲላት ምንም የላትም።

እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የራሳችን ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ገና ሳታውቁት ይከብዳችኋል። አንድ ቦታ ስትገቡ ምክንያቱን ሳታውቁ ሆዳችሁ ይጨነቃል። ከዚያ ወዲያው ምክንያት ትፈልጋላችሁ፤ ታገኛላችሁም፣ አእምሮ ምክንያት ለመፍጠር አይሰንፍም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ በቃል የማይወጣ ትምህርት ሊሆን ይችላል። በ1995 አንቷን ቤሻራና ባልደረቦቹ ይህን በሁለት በኩል አሳይተዋል። የሚያስደነግጥ ጡሩምባ ከአንድ ቀለም ጋር ደጋግመው አብረው አቀረቡ። አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃት የሚማረው የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው የትኛው ቀለም ጡሩምባ እንደሚያመጣ አስተካክሎ ይናገራል፤ ቀለሙን ሲያይ ግን ሰውነቱ ምንም አይልም። ሂፖካምፐሱ የተጎዳው ሰው ቀለሙን አያስታውስም፤ ሰውነቱ ግን ገና ሲያየው ይደነግጣል። አንዱ እያወቀ የማይፈራ፣ ሌላው ሳያውቅ የሚፈራ።

ሌሎች ትንንሾችም አሉ፤ በፍጥነት ልለፋቸው። አንዴ ያያችሁት የተቆራረጠ ሥዕል በሁለተኛው ጊዜ ቶሎ ይታያችኋል፣ ማየታችሁን ባታስታውሱም። የሚደጋገም ድምፅን ጆሮ እየናቀው ይሄዳል። እነዚህም ትውስታ ናቸው።

አሁን «ትዝ አለኝ» የሚለውን ስሜት ይዞ ወደሚመጣው፣ ወደ ገጠመኝ ትውስታ ልመለስ፤ ምክንያቱም በብዛት የምንጣላው በእሱ ነው። «እኔ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ!» እንላለን። ብዙ ሰው ትውስታን እንደ መጋዘን ያስበዋል፤ ዕቃው ገብቶ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ይወጣል። እንደዚያ አይደለም። አንድን ገጠመኝ ባስታወስን ቁጥር ከቁርጥራጭ እንደገና እንገነባዋለን፤ የጎደለውን ደግሞ ከዕውቀታችን፣ ከሰማነው፣ አሁን ካለን ስሜት እንሞላዋለን። የሞላነውን ከነበረው የሚለይልን ምልክት የለም።

ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ጠየቋቸው፤ ለአንዳንዶቹ «ሲነካኩ»፣ ለሌሎቹ «ሲላተሙ» በሚል መንፈስ። ግሱ ሲከብድ የሚገምቱት ፍጥነትም ከፍ አለ። ይኼ ብዙ ላይገርም ይችላል። ከሳምንት በኋላ ግን «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ፊልሙ ላይ ምንም የተሰበረ መስታወት ሳይኖር፣ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ። ቀለል ያለውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። የአንድ ቃል ልዩነት ነው። የምስክርነት ቃል የሚቀበል ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

«ተራ ፊልም ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ነገር ሲሆን አይረሳም» ትሉ ይሆናል። በጥር 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ሰማይ ላይ ስትበታተን ኡልሪክ ናይሰር በማግስቱ ተማሪዎቹን ዜናውን እንዴት እንደሰሙ በጽሑፍ አስሞላቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን እንደገና ጠየቃቸው። ሩብ ያህሉ የጻፉት ነገር ከመጀመሪያው ጋር በአንዱም ዋና ነጥብ አልገጠመም። እርግጠኝነታቸው ግን ከፍተኛ ነበር። በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈውን ሲያሳዩአቸውም የድሮው ትዝታ ተመልሶ አልመጣላቸውም። እርግጠኝነትና ትክክለኛነት የተለያዩ መንገዶች ይሄዳሉ።

ስለ ጥናት የምትጠይቁኝ ስለሚበዙ አስቀድሜ ልመልስ። ያው ስሜት ነው እዚህም የሚያሳስተን። ገጹን አራተኛ ጊዜ ስታነቡት ይፈስላችኋል፣ ያወቃችሁት ይመስላችኋል። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ይህን ለኩት። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ዘግቶ የያዘውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ያነበቡት ከሐሳቦቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህል ያዙ። በደንብ እንደሚያስታውሱ ቀድመው የገመቱት የትኞቹ መሰሏችሁ? ደጋግመው ያነበቡት። ይኼ ለዕውቀት ነው። ክህሎት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ስለ ዋና ስታነቡ ብትከርሙ ውሃው ውስጥ የሚጠቅማችሁ ጥቂት ነው፤ ተምሮ የሚይዘው ክፍል ማንበብ አይችልም።

ከዚህ በታች ያለው ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች የተወሰነው ነው።

አንዲት እናት «ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን አብረን የምናሳልፈውን ምንም አታስታውስም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ገጠመኝ ሦስት ዓመት ከምናምን ላይ ነው፤ ስለዚህ የዚህን ጊዜ ገጠመኞች ስታድግ መልሳ ልታይ አትችል ይሆናል። ግን ልብ ይበሉ፣ እናቴ፤ በዚህ ዕድሜዋ ቋንቋ እየያዘች ነው፣ መሮጥ እየተማረች ነው፣ ማን እንደሚያቅፋትና ማንን ማመን እንዳለባት እየተማረች ነው። የቀሩት ዓይነቶች ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ከሁሉም ዘግይቶ የሚበስለው የገጠመኙ ነው።

አንድ ወጣት ደግሞ አያቱ የወጣትነት ታሪካቸውን አሳምረው እየተናገሩ ጠዋት የበሉትን ግን እንደሚረሱ ነግሮ «እያስመሰሉ ነው እንዴ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። አያስመስሉም። የአልዛይመር በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ሂፖካምፐስና አጠገቡ ያለውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚገባበትን በር ማለት ነው። የቆየው ደግሞ ደጋግሞ ከመወራቱ የተነሣ ወደ ዕውቀት ተጠግቷል፣ በሰፊው የአንጎል ቅርፊት ላይም ተደግፏል። ስለዚህ «አሁን ነገርኩህ እኮ!» ብሎ መቆጣት ጥቅም የለውም። ነገሩ ይረሳል፤ ቁጣው ያስከተለው መጥፎ ስሜት ግን ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

«ሁሉንም ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ ይባላል» ያለም ነበር። አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ቀን ስትጠሩላቸው ምን ቀን እንደዋለና ምን እንዳደረጉ ይነግሯችኋል። ነገር ግን በ2013 የወጣ ጥናት እነዚህም ሰዎች ልክ እንደኛ የሐሰት ትውስታ እንደሚያዳብሩ አሳይቷል። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ጤነኛ ሆነው፣ ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ ያለፈውን አንድም ቀን በሐሳባቸው መልሰው መኖር የማይችሉ ሰዎች በ2015 በጥናት ተገልጸዋል። አብዛኞቻችን ከሁለቱ መሃል ነን።

የመጨረሻው ጥያቄ «ታዲያ የማስታወስ ችሎታን በልምምድ ማሳደግ ይቻላል?» የሚል ነበር። እኔም መልሼ «የትኛውን?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ጠያቂው ይህን ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ ሳቀ። በ1980 አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ስለ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ጻፉ። ሲጀምር እንደማንም ሰው አንዴ የተነገሩትን 7 ያህል አኃዞች ነበር የሚይዘው። ለአንድ ዓመት ከምናምን ሲለማመድ ቆይቶ 79 አኃዝ ላይ ደረሰ። ሯጭ ስለነበር አኃዞቹን እየከፋፈለ ከሚያውቃቸው የሩጫ ሰዓቶች ጋር ያያይዛቸው ነበር፤ የቆየ የዕውቀት ትውስታውን ነው የተጠቀመው። ከዚያ በአኃዝ ፈንታ ፊደል ሰጡት። 6 ያህል ያዘ።